ከሜዳን እስከ ፔናንግ ሃምሳ አምስት ደቂቃ

ላምሪያ አውሮፕላን የምትፈራው በወሬ ሰምታ አልነበረም፤ አይታ ነው። ቤታቸው በሜዳን ከተማ፣ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ጎን በነበረ ጊዜ፣ አንድ ማለዳ የደረቅ ዓሣ ቅርጫቷን ተሸክማ ወደ ገበያ ስትሄድ፣ አንድ አውሮፕላን ተነሣ ሲባል ሳይነሣ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከሰውና ከመኪና መሃል ወደቀ። እሷ ሁለት መቶ እርምጃ ቢቀራት ነው። ቅርጫቱን የት እንደጣለችው ዛሬም አታውቅም። ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ትታ አንገቷን ትቀብራለች። ይህን ያወቁ የገበያ ሴቶች፣ «የቶጋር እናት፣ ጎንበስ በይ፣ መጣልሽ!» እያሉ ይስቁባታል። አትቀየማቸውም። የሚስቁት ያላዩት ናቸው።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ አውሮፕላን መሳፈር ግድ የሆነባት።

ነገሩ የመጣው በባሏ ልብ ነው። ማንጋታስ በሠፈሩ ስሙ የተጠራ ጎሚስታ ነበር፤ የጭነት መኪና ጎማ ያለ ረዳት ፈትቶ ያለ ረዳት የሚያስር። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ አንዱን ጎማ ሊያነሣ ብድግ ሲያደርግ ደረቱን ያዘውና ቁጭ አለ። ብርድ ነው ብሎ ዘይት ተቀባ። ሁለተኛ ሲይዘው ላብ አጠመቀው። በሦስተኛው ሚስቱና ልጁ እየጎተቱ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሙ ምስሉን ደጋግሞ አየና፣ ሁለት የልቡ ደም ሥሮች ሊደፈኑ ጥቂት እንደቀራቸው ነገራቸው። ሜዳን ላይ ደም ሥሩን የሚከፍተው መሣሪያ ተበላሽቶ ዕቃ ይጠበቅለታል፤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

«ሦስት ሳምንት አልጠብቅበትም» አለ ሐኪሙ። «ባሕሩን ተሻግራችሁ ፔናንግ ውሰዱት። እኔው ደውዬ አልጋ አስይዝላችኋለሁ።»

ላምሪያ ቤት ስትደርስ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በመርከብ እንሂድ።»

ልጇ ቶጋር ሳቀ። «እማ፣ ሰው የሚጭነው መርከብ ከቀረ ስንት ዓመቱ! አሁን ያለው አውሮፕላን ነው።»

«ስንት ሰዓት ነው ታዲያ?»

«የምን ሰዓት! ሃምሳ አምስት ደቂቃ። ርቀቱ እኮ ከዚህ እስከ ባሊጌ ማለት ነው፤ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር። አንቺ አይደለሽ እንዴ አያቴን ልትጠይቂ አውቶብስ ላይ ስድስት ሰዓት የምትቀመጪው?»

«የባሊጌው ከሥሩ መሬት አለው» አለች ላምሪያ።

ቶጋር አብሯቸው ሊሄድ ፈልጎ ነበር፤ ፓስፖርቱ ጊዜው አልፎ ተገኘ። ባልና ሚስቱ ግን ፓስፖርት ነበራቸው። ዓምና ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ሊጓዙ አውጥተውት፣ ላምሪያ በመነሻው ዕለት «ሆዴን ቆረጠኝ» ብላ ሁለቱም የቀሩበት ነው። ሆዷን እንዳልቆረጣት ማንጋታስ ያውቅ ነበር።

በመሄጃቸው ዋዜማ ቲኬቱን አንሥታ አነበበችው። መነሻ አራት ሰዓት፤ መድረሻ ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ።

«ቶጋር! ዋሸኸኝ! ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምን ቀረው ይኼ!»

«አልዋሸሁሽም እማ። እዚያ ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ይቀድማል።»

«ባሕሩን ተሻግረው ነው ያሉት፤ ፀሐይ ለእነሱ ቀድማ ትወጣለች?»

«ፀሐይዋማ ያችው ናት። መንግሥታቸው ነው ያስቀደመው።»

ላምሪያ ተወችው። ልቧ ግን አልተቀበለውም። አንዲቱ ሰዓት ባሕሩ ላይ ያለች፣ ለእሷ ያልተነገረች ሰዓት መሰለቻት። በማግሥቱ የእጅ ሰዓቷን የሜዳንን እንደያዘ አስራ ወጣች፤ ማንም ቢለምናት ላትነካው።

መድኃኒቱን በመሐረብ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ሻጥ አድርጋዋለች። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ አስደግሟታል። ደረቱን ከያዘው አንዲት ክኒን ከምላሱ ሥር። በአምስት ደቂቃ ካልለቀቀው ሁለተኛ። ከዚያም በአምስት ደቂቃ ሦስተኛ። ከሦስተኛዋ በኋላ ሐኪም ፊት መገኘት አለበት።

«አየር ላይ ከሆነስ?» ብላው ነበር።

«ሃምሳ አምስት ደቂቃ እኮ ናት፣ እናቴ» አላት ሐኪሙም።

*

አውሮፕላኑ ውስጥ ማንጋታስ መስኮቱ ጋ፣ ላምሪያ መሃል ተቀመጡ። በመተላለፊያው በኩል አንዲት ስድሳ ዓመት የሚሆናት የሜዳን ቻይና መጣች። ቀጭን ናት፤ በዚያ ሙቀት የሹራብ ቆብ አጥልቃለች። ቀበቶዋን ሳታይ በአንድ እጇ ቀረቀረችና ዓይኗ የላምሪያ እጆች ላይ ዐረፈ። ላምሪያ የወንበሩን መደገፊያ ከመጨበጧ የተነሣ ጣቶቿ ደም አጥተው ነበር።

«ኢናንግ፣ ወንበሩን ልቀቂው፤ የትም አይሄድም» አለቻት፣ በእነላምሪያ ቋንቋ «እናት» ብላ እየጠራቻት።

«ተዪኝ አቺ። ከለቀቅኩት የምወድቅ ይመስለኛል» አለች ላምሪያ፣ እሷም በቻይናዎቹ ወግ «እህቴ» ብላ።

«መጀመሪያሽ ነው?»

«መጀመሪያዬም መጨረሻዬም።»

«ኧረ አፍሽን! መመለሻውስ በዋና ነው?» ሴትዮዋ ሳቀች። «ሲው ላን እባላለሁ። እኔ ይኼ አሥራ አንደኛዬ ነው። ጡቴን ነው። አንዱን ፔናንግ ትቼው መጥቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ሌላውን ሊያዩት ነው። አንቺስ ምንሽን ነው?»

«እኔ ደህና ነኝ። እሱ ነው፤ ልቡን።»

ሲው ላን አንገቷን አስግጋ ማንጋታስን አየችው። «ጌታዬ፣ ሕመምተኛው እርስዎ ደህና ተቀምጠዋል፤ አስታማሚዎ ግን ልትሞት ነው።»

«ሠላሳ አራት ዓመት እንዲሁ ናት» አለ ማንጋታስ። «ዶሮ ስትበርም ትደነግጣለች።»

አውሮፕላኑ መንደርደር ሲጀምር ላምሪያ ዓይኗን ጨፍና መዝሙር ያዘች። ሁለተኛው መስመር ላይ ቃሉ ጠፋት። የመጀመሪያውን መስመር እየደጋገመች፣ እየደጋገመች፣ መንኮራኩሮቹ መሬቱን ሲለቁ ድምፅዋም አብሮ ለቀቃት። ያ ማለዳ መጣባት፤ ያ የቃጠሎ ሽታ። የማንጋታስን እጅ ፈልጋ ያዘች። ሰፊ፣ ጎማ ጎማ የሚሸት እጅ ነው። ጨብጦ ያዛት።

አልወደቁም። አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ሃያ አለፈ። ሰዓቷን በየደቂቃው ታያለች። አስተናጋጆቹ ውኃ አደሉ። ማንጋታስ «ባሕሩን እይው» አላት፤ ዓይኗን አልገለጠችም። ሆኖም አምስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ የደረሱ ያህል ስለተሰማት አንድ ዓይኗን ከፈት አደረገች። መስኮቱ ነጭ ነበር። ወዲያው ግራጫ ሆነ። ከዚያ ጠቆረ።

ከዚያ አውሮፕላኑ ወደቀ።

የወደቀው ምናልባት የአንድ ቤት ቁመት ያህል ነው፤ ለላምሪያ ግን ማለቂያ አልነበረውም። የውኃ ኩባያዎቹ ወደ ጣሪያው ዘለሉ። ከኋላ ሰው ጮኸ። አውሮፕላኑ የሆነ ነገር የረገጠ ያህል ድም ብሎ ቆመ፣ ደግሞ ወደ ጎን ተንሸራተተ። መብራቱ ብልጭ ብልጭ አለ። የካፒቴኑ ድምፅ መጣ፤ ረጋ ያለ ድምፅ ነው። ፔናንግ ላይ ከባድ ዝናብ ስላለ ማረፍ አልተፈቀደም፣ ደሴቲቱን እየዞርን እንጠብቃለን፣ ሃያ ደቂቃ ግድም ሊፈጅ ይችላል፣ ቀበቷችሁን እሰሩ።

«ሃያ ደቂቃ» አለች ላምሪያ። ያች የተደበቀች ሰዓት እነሆ መጣች።

«እኔ አርባ ደቂቃ የዞርኩበት ቀን አለ» አለች ሲው ላን፣ «ይኸው አለሁ።» ግን እሷም ቀበቶዋን ጠበቅ አደረገችው።

ላምሪያ ባሏ እንዲቀልድ ጠበቀች። አልቀለደም። ዞር ብላ አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ላብ ችፍ ብሏል። ግራ እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ አፉን ከፈት አድርጎ ይተነፍሳል።

«የቶጋር አባት?»

«ምንም አይደል።»

«ወደ እኔ ዙር። እየኝ።»

«ትንሽ ያዝ አደረገኝ። ይለቀኛል» አለ። ድምፁ የእሱ አልነበረም።

መሐረቡን ከደረቷ መዝዛ ፈታችው። የብልቃጡን ክዳን በጥርሷ ከፈተችው። አንዲት ክኒን አውጥታ ከምላሱ ሥር እንዳደረገችለት አውሮፕላኑ እንደገና ቁልቁል ሄደ፤ ብልቃጡ ከእጇ አመለጠ። ትንንሾቹ ነጫጭ ክኒኖች ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ሲንከባለሉ አየቻቸው፣ ወደ ፊት፣ ከወንበሮቹ ሥር፣ የሰው ጫማ መሃል።

ጮኸች። ምን ብላ እንደጮኸች አታውቅም። ሲው ላን ቀበቶዋን ፈትታ በጉልበቷ ወለሉ ላይ ወደቀች።

«እመቤት፣ ይቀመጡ! ይቀመጡ!» ይላል ከፊት የአስተናጋጅ ድምፅ።

«ዝም በይ አንቺ ልጅ! እግራችሁን አንሡ! ሁላችሁም እግራችሁን አንሡ፣ የሰው ነፍስ እንዳትረግጡ!» ሲው ላን ተሳፋሪውን ሁሉ እግሩን አስነሣችው። ቆቧ ወልቆ፣ ፀጉር የሌለው ራሷ ከወንበሮቹ ሥር ገብቶ ሲወጣ ይታያል።

ላምሪያ የጥሪውን ቁልፍ ተጫነች። ማንም አልመጣም፤ አስተናጋጆቹም ታስረው ተቀምጠዋል። ደግማ ተጫነች። አምስት ደቂቃው ደርሷል። ሲው ላን ከወለሉ ቀና ብላ አራት ክኒን በመዳፏ አቀበለቻት፤ አንደኛዋ ተረግጣ ዱቄት ሆናለች። ሁለተኛዋን ከምላሱ ሥር አደረገችለት።

«ለቀቀህ?»

ራሱን ነቀነቀ፤ አልለቀቀውም። «ወደ ክንዴ ወረደ» አላት በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ ላምሪያ ቀበቶዋን ፈታች።

በኋላ ሰዎች እንዴት ቻልሽ ሲሏት፣ አልቻልኩም ነው መልሷ። ከእግሯ በታች ሦስት ሺህ ሜትር ባዶ አየር፣ ከዚያ በታች ባሕር እንዳለ እያንዳንዱ እርምጃዋ ይነግራታል። ከአንዱ ወንበር ራስጌ ወደ ሌላው እጇን እያሸጋገረች፣ የማታውቀውን ሰው ትከሻ እየያዘች ሄደች። አንድ ጊዜ ወለሉ ከሥሯ ሲሸሽ አንድ ዓይኑ በፋሻ የታሸገ ሽማግሌ ጭን ላይ ወደቀች። ሽማግሌው ወገቧን ይዞ አቆማት። «ሂጂ ልጄ፣ ይዤሻለሁ» አላት፤ በሌላው ረድፍ ያለው ሰውም እጁን ዘረጋላት። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሏት ፊት ደረሰች።

ራትሪ የተባለችው አስተናጋጅ ለመቆጣት አፏን ከፍታ ነበር። የላምሪያን ፊት ስታይ ዘጋችው።

«ባሌ ሊሞትብኝ ነው» አለች ላምሪያ። «ልቡ ነው።»

*

ራትሪ የኦክስጅን ጠርሙስ አምጥታ ማንጋታስ አፍና አፍንጫ ላይ ጭምብሉን አደረገች። በድምፅ ማጉያው ሐኪም ካለ ብላ ጠየቀች። ማንም አልተነሣም። ያ አውሮፕላን በሐኪም የተሞላ አልነበረም፤ ሐኪም ፍለጋ በሚሄድ ሰው የተሞላ እንጂ። አንዱ የሚቀባ ዘይት አቀበለ። አንዷ የራሷን የደም ግፊት መለኪያ ከቦርሳዋ አውጥታ ላከች። ራትሪ ክንዱ ላይ አስራ አየችውና ቁጥሩን ለማንም ሳትናገር ወደ ካፒቴኑ ክፍል ገባች።

ሦስተኛዋ ክኒን ገባች። ላምሪያ ሰዓቷን አየች፤ አምስት ሰዓት። ከዚህ በኋላ የሚቆጠር ነገር አልነበረም።

ራትሪ ተመልሳ መተላለፊያው ላይ በርከክ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«እናቴ፣ ካፒቴኑ እንዲህ ይላል። ዝናቡ አልለቀቀም። ትንሽ ከሳሳ ሕመምተኛ ስላለብን ከሁሉም አስቀድመው ያሳርፉናል፤ አሥር ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ ሠላሳም። ሜዳን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ለመመለስ ግን አርባ ደቂቃ ይፈልጋል። ውሳኔው የእሱ ነው። ማወቅ የሚፈልገው፣ ሐኪም የሚጠብቃችሁ የት ነው?»

ማንጋታስ ጭምብሉን በእጁ ገለጥ አደረገ። «ሜዳን» አለ። «መልሱኝ። የሰው አገር ላይ አልሞትም። ባሊጌ ነው የምቀበረው፣ ከአባቴ ጎን።»

መመለስ! ላምሪያ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ስትጸልይ የነበረችው ይህንኑ ነው። ጥርት ያለ ሰማይ፣ የምታውቀው መሬት፣ ቶጋር በር ላይ ቆሞ። ከዚህ ጥቁር ነገር ውስጥ መውጣት። አጥንቷ ሁሉ አዎ፣ አዎ ይል ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ያችንም ቃል ባሏ ራሱ ተናግሮላታል።

ግን ሜዳን ላይ ማን አለ? የተበላሸው መሣሪያ አለ። «አልጠብቅበትም» ያለው ሐኪም አለ። አርባ ደቂቃ በረራ፣ ከማረፊያው እስከ ከተማው ደግሞ ያ ሁሉ የመኪና መንገድ፤ ከዚያ በኋላም የሚሠራለት የለም።

«ፔናንግ ነው» አለች። «የሚጠብቀን ሐኪም ፔናንግ ነው ያለው። አልጋም ተይዞለታል።»

«የቶጋር እናት...» አለ ማንጋታስ።

«ዝም በል።»

«አንቺ እኮ... ትፈሪያለሽ...»

«እፈራለሁ! ልቤ ሊወጣ ነው! ልጅቷ ግን እውነቱን ነው የጠየቀችኝ፤ ሐኪምህ የት ነው አለችኝ፣ ነገርኳት።» ጭምብሉን መልሳ አፉ ላይ ገጠመችው፤ በቁጣ ነው የገጠመችው። «ባሊጌ የትም አይሄድም። ሌላ ጊዜ ትቀበርበታለህ።»

ሲው ላን ከጎኗ ሳቀች፤ ሳቋ ከልቅሶ የሚለይ አልነበረም። ራትሪ ተነሥታ ሄደች።

ስምንት ደቂቃ ዞሩ። ከዚያ ካፒቴኑ እናርፋለን አለ።

ሲወርዱ ዝናቡ መስኮቱን እንደ ጠጠር ይደበድበዋል። ምንም አይታይም። ከኋላ አንዲት ሴት በአረብኛ ትጸልያለች፣ ከፊት አንዱ በቻይናዎቹ ሆኪየን ቋንቋ ያንሾካሹካል። ላምሪያ አንድ እጇን ባሏ ደረት ላይ አድርጋለች። ትርታውን በመዳፏ ትሰማለች፤ ይሮጣል፣ ይደነቃቀፋል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል። በሌላ እጇ የሲው ላንን ቀጭን ክንድ ይዛለች።

ድንገት በመስኮቱ መብራቶች አየች፤ የማረፊያው መብራቶች ናቸው፣ በጣም ቅርብ፣ ደግሞም ገደድ ያሉ። አውሮፕላኑ ከጎኑ በነፋስ ተመታ። ሞተሮቹ አገሡ፣ ወንበሩ ጀርባዋን ገፋት፣ መብራቶቹ ከሥራቸው ጠፉ። እንደገና ወደ ላይ፣ ወደ ጥቁሩ ውስጥ።

በአውሮፕላኑ ሙሉ ዋይታ ሆነ። ላምሪያ አልጮኸችም። እኔ ነኝ ያስገደልኩት፣ ብላ አሰበች። ይህን ሁሉ ሰው እኔ ነኝ ያስገደልኩት። ተመለሱ ብል ኖሮ አሁን ጥርት ባለ ሰማይ ውስጥ ነበርን።

«አቺ፣ እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ወደዚህ ያልኩት።»

«አንቺ አውሮፕላን ነጂ ነሽ?» አለቻት ሲው ላን ጆሮዋ ሥር። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነው የምትናገረው። «ነጂው ከፊት አለ። አንቺ የባልሽን ደረት ያዢ። ይመታል?»

«ይመታል።»

«ሥራሽ ይኼው ነው። ስትቆጥሪ ልስማሽ።»

ላምሪያ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሲደነቃቀፍ እሷም ትደነቃቀፋለች፣ ሲሮጥ ትከተለዋለች። ስድስት መቶ አካባቢ ቁጥሩ ተምታታባት፤ እንደገና ከመቶ ጀመረች። ሰባት መቶ ስትል መንኮራኩሮቹ መሬቱን መቱት፤ ዘለሉ፤ እንደገና መቱት፤ ያዙት። ውኃው በሁለቱም ወገን እንደ ግድግዳ ተነሣ። የማንጋታስ ዓይኖች ተከፍተው ያዩዋት ነበር።

ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም ተቀምጦ መንገዱን እንዲለቅ ራትሪ ለመነች፤ መለመን አላስፈለጋትም። አራት ሰዎች ዝናቡን እያራገፉ አልጋ ይዘው ገቡ። ላምሪያ ተከትላቸው ተነሣች። ዓይኑ የታሸገው ሽማግሌና ሲው ላን በሁለት ብብቷ ይዘው ደረጃውን አወረዷት።

*

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። አንደኛው ደም ሥር ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ነበር፤ ከፍተው ትንሽ ቱቦ አስገብተውበታል። ከልቡ ጥቂቱ ሞቷል፤ የቀረው ይሠራል። ጎማ ማንሣት ግን ከእንግዲህ የለም።

«ሠላሳ ደቂቃ ብትዘገዩ...» ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው።

ስልኳ ጮኸ። ቶጋር ነው። አውሮፕላኑን ከሜዳን ሆኖ በስልኩ ሲከታተል፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ሲዞር፣ ሊያርፍ ወርዶ ተመልሶ ሲወጣ ሁሉንም አይቷል። አልቻለም፤ ያለቅስ ነበር። «እማ? እማ? ተናገሪ።» ላምሪያ ስልኩን በአጠገቧ ለምታልፍ ነርስ ዘረጋችላት። ነርሷ ተቀብላ ለቶጋር ነገረችላት።

በሦስተኛው ቀን ሲው ላን የሩዝ ገንፎ ይዛ ልትጠይቃቸው መጣች። ማንጋታስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ቀለደችበት፣ ቀለደባት። ላምሪያ ልትሸኛት ስትወጣ፣ ሊፍቱን እየጠበቁ፣ ሲው ላን ስለ ሌላ ሰው በምታወራበት ድምፅ እንዲህ አለች፤

«ያኛው ጡቴም ይወጣል አሉኝ። በነሐሴ።»

«ከማን ጋር ነው የምትመጪው?»

«ከማን ጋር? ልጆቼ ጃካርታ ናቸው፤ ሥራ አላቸው። እንደ ሁልጊዜው።»

ሊፍቱ መጣ፤ ገባች።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ባልና ሚስቱ ወደ ሜዳን ተመለሱ። ሰማዩ ንጹሕ ነበር፤ አውሮፕላኑም አልተንገጫገጨም። ላምሪያ ግን መሐረቧን ነክሳ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ነው የደረሰችው። ከዚያ በኋላም ገበያ ውስጥ ድምፅ ሲያልፍ አንገቷን ትቀብራለች። ሴቶቹ አሁንም ይስቃሉ።

በነሐሴ አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ በሜዳን አዲሱ ማረፊያ በኩዋላናሙ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ሲው ላን ቦርሳዋን ከላይ አስቀምጣ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ፣ ከአጠገቧ ያለው ወንበር ላይ አንዲት ሴት መደገፊያውን ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተቀምጣለች። ፊቷ ሰም መስሏል፤ አንገቷ በላብ ርሷል።

ሲው ላን ጎንበስ ብላ ፊቷን አየች።

«እብድ» አለቻት። «ውረጂ። በሩ ገና አልተዘጋም።»

«ዝም በይ አቺ» አለች ላምሪያ ዓይኗን ሳትገልጥ። «እየጸለይኩ ነው።»